ባዶውን ሁለት ጊዜ መቁጠር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ቤተ ሙከራውን የተረከበችኝ የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ ዝርዝሯን ይዛ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ስትል ቆይታ የጨረር ቆጣሪው ዘንድ ደረሰችና ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ይሠራል ወይ አለች። ይሠራል፣ ላብራልሽ ብዬ ገመዱን ላነሳ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ጽፋ ጨርሳለች፤ «አገልግሎት የማይሰጥ» ይላል።

ክፍሉ የኮምፒዩተር ክፍል ሊሆን ተወስኗል። ተማሪዎቹ ከእንግዲህ የጨረር ቆጠራውን ሙከራ የሚሠሩት በስክሪን ነው። አይቼዋለሁ። ቁልፍ ሲነኩት አንድ መስመር እያማረ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ሁልጊዜ ይወርዳል፤ ሁልጊዜም ከመጽሐፉ ጋር ይገጥማል። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት በዚያ ክፍል ስቆጥር ኖሬ፣ በመመሪያችን የሌለ እውነተኛ ቁጥር አንድ ቀን ሲመጣልኝ ሐሰት ነው ያልኩ ሰው ነኝ። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ነው፤ ግን ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ አይገባም።

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ታቦር ነው። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ግን ሐሙሲት፣ በአንድ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ረዳት ሆኜ ነበር። ቤተ ሙከራ የሚባለው አንድ ቁም ሳጥን ነው። ርዕሰ መምህሩ ማይክሮስኮፖቹ እንዳይሰበሩ ይቆልፉባቸውና ቁልፉን ኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተከፈተ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከወረዳ እንግዳ ስለመጣ ነው። ደመወዙ የሚነገር አልነበረም። የገበያ ቀን ከባሕር ዳር የሚመጡትን ሚኒባሶች እየቆጠርኩ፣ አንዱ ላይ ተሳፍሬ ወደማላውቀው ሥራ ብሄድ እያልኩ እመኝ ነበር።

ደብረ ታቦር አንድ ኮሌጅ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ፈለገ ሲባል ተወዳድሬ ገባሁ። እዚያ ነው አቶ ደምሴን ያገኘኋቸው።

አቶ ደምሴ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ነበሩ። ዲግሪ የላቸውም። አዲስ አበባ ከውጭ አገር መምህራን ጋር ሠርተው ነው የተማሩት። አጭር፣ ነጭ ጋዋናቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሥራ ላይ ሲሆኑ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ክፍሉ ውስጥ ምንም አይበላም፤ ቆሏቸውን የሚቆረጥሙት ኮሪደር ላይ ቆመው፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው ነው። የሚጽፉት በእስክሪብቶ ነው። ሲሳሳቱ አይፍቁም፤ ከታች ያለው እንዲነበብ በአንድ ቀጭን መስመር ይሰርዙታል። ቁጥር ሳይጽፉት በፊት ጮክ ብለው አይናገሩትም፤ የሰማው ሰው ዐይኑ የሰማውን ማየት ይጀምራል ይሉ ነበር። ትክክለኛው መልስ ያለበትን የመጽሐፉን ገጽ ደግሞ በስፒል ያያይዙታል። ሥራችንን ሳንጨርስ ማንም አይከፍተውም።

ያስተማሩኝ ዋናው ሙከራ እንዲህ ነው። ድሮ ማሾ መብራት ውስጥ የሚነደውን ነጩን የጨርቅ ከረጢት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የድሮዎቹ ጨርቆች ቶሪየም የሚባል ነገር አለባቸው። ከቶሪየሙ ሳያቋርጥ አንድ ጋዝ ይወጣል፤ ቶሮን ይባላል፤ የራዶን ዘር የሆነ አይሶቶፕ ነው። ዕድሜው በጣም አጭር ነው። አሁን ከያዝከው ግማሹ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሌላ ነገር ሆኖ ያልቃል፤ ከቀረው ደግሞ ግማሹ በሚቀጥለው ደቂቃ። ጨርቆቹን ቆራርጠን ጠርሙስ ውስጥ እናሽጋቸዋለን። ጋዙ እስኪጠራቀም ጥቂት እንጠብቅና ጠርሙሱን በጎማ ቱቦ ከአንድ የቆርቆሮ ዕቃ ጋር አገናኝተን ሦስት ጊዜ እንጨምቀዋለን። ቆርቆሮው ውስጥ የቆጣሪው ቱቦ ተገጥሟል። የጎማውን ቱቦ በመቆንጠጫ እንዘጋውና በየአሥር ሰከንዱ የቆጠረውን እንጽፋለን። ድምፁ መጀመሪያ እንደ በረዶ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ይንጣጣል፤ ከዚያ ይሳሳል፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እዚህም እዚያም ጠብ የሚል ብቻ ይቀራል።

ያ ጠብ ጠብ የሚለው ግን ቶሮን አይደለም። ምንም ባታስገባበትም ቆጣሪው ይቆጥራል። ከግድግዳው፣ ከድንጋዩ፣ ከሰማዩ የሚመጣ ጨረር አለ። እንደ ደብረ ታቦር ያለ ደጋ ላይ ደግሞ ከሰማይ የሚወርደው ይበዛል፤ በቆላ አገር የተጻፈ መጽሐፍ ቁጥር ለእኛ አይሆንም። ስለዚህ አቶ ደምሴ ሙከራ ሳይጀመር ባዶውን ዕቃ ግማሽ ሰዓት ያስቆጥሩናል። ሙከራው አልቆ ተማሪው ቦርሳውን ካነገተ በኋላም እንደገና ባዶውን ግማሽ ሰዓት ያስቆጥራሉ። አንድ ቀን ለምን ሁለት ጊዜ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ዕቃው ከእኛ ጋር ውሎ እንደነበረ መሆኑን በምን አወቅህ?» አሉኝ።

የቶሮኑን ክብደት ያስመዘኑኝን ቀንም አልረሳውም። በክፍሉ ያለውን ስሜቱ ስስ የሆነውን ሚዛን፣ የፀጉር ዘለላ የሚመዝነውን፣ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አኖሩና ይህ አይሰማውም አሉ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ሄዱ። በሰከንድ ስንት እንደሚጠፋ ቆጥረናል። በምን ያህል ጊዜ እንደሚጋመስ ለክተናል። ከሁለቱ፣ መጀመሪያ ስንት እንደነበረ ይገኛል። የሚያመልጠንን ገምተን ጨምረን አራት ሺህ አቶም ገደማ መጣ። ያን በአንዱ አቶም ክብደት አባዙት። ከነጥቡ በኋላ አሥራ ሰባት ዜሮ ጻፉ፤ ከዚያ ነው ግራሙ የጀመረው። ጠመኔውን አስቀምጠው ሰሌዳውን ትንሽ አዩትና «ይኸው መዘንነው» አሉኝ። ደስታ ከፊታቸው ላይ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አቶ ደምሴ ጡረታ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። እኔ ኃላፊ ሆንኩ። ከዚያ በኋላ የመጡትን አለቆች አልዘረዝርም። አንዱ ከተማሪው ስንት በመቶ እንዳለፈ ብቻ ይጠይቃል። ሌላው ቤተ ሙከራው ቀለም ሲቀባ ፎቶ ተነስቶ ሄደ። ተማሪው ግን በዛ፤ አንድ የነበረው ክፍል አራት ሆነ። ሁለተኛውን የባዶ ቆጠራ የተውኩት ያኔ ነው። ለዓመታት ስቆጥረው ከመጀመሪያው የተለየ ቁጥር አንድ ቀንም አልመጣም። ግማሽ ሰዓት ደግሞ ግማሽ ሰዓት ነው። የቤተ ሙከራው የማስታወሻ ደብተር ላይ ግን «ባዶ፣ ከሙከራ በኋላ» የሚል መስመር አለ፤ የጧቱን ቁጥር እየገለበጥኩ እሞላበት ነበር። መጀመሪያ ሰሞን እጄ ይከብደኝ ነበር። በኋላ ለመደ።

ሰዓዳ የመመረቂያ ሥራዋን እኔ ዘንድ ልትሠራ የመጣችው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። የይፋግ ልጅ ናት። አባቷ ሀጂ ኑሩ እዚያው ሱቅ አላቸው። ሌላው ተማሪ አጭርና ቀላል ሲመርጥ እሷ የቶሮንን ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም የሚጋመስበትን ጊዜ፣ እና ክብደቱን በደንብ እለካለሁ አለች። የእኛ ጨርቆች አርጅተውና አልቀው ነበር፤ አሁን ገበያ ላይ ያለው ደግሞ ቶሪየም የለበትም። እሷ ከአባቷ ሱቅ ከላይኛው መደርደሪያ፣ መብራት ከገባ ወዲህ የሚገዛው ጠፍቶ የተቀመጠ አንድ ሙሉ ካርቶን የድሮ ጨርቅ ይዛ መጣች። ያን ሁሉ አንድ ጠርሙስ ውስጥ አሸገችው። በሕይወቴ እንደዚያ የሚንጣጣ ቆጣሪ ሰምቼ አላውቅም። በቀን ሠላሳ ጊዜ፣ አርባ ጊዜ ትደጋግመዋለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣችና፣ ጋሼ፣ ቆጠራው ወደ ባዶው አይመለስም አለችኝ። ቱቦሽን እዪ፣ ያፈስሳል አልኳት። ቱቦውን ቀየረች። ተመልሳ መጣች፤ አሁንም አይመለስም። መቆንጠጫውን እዪ አልኳት። በሦስተኛው ደብተሯን ይዛ መጥታ ቁጭ አለች። ቆርቆሮው ላይ የሚቀር ነገር አለ፣ ማታ ከመሄዴ በፊት ቆጥሬ ጧት ስመጣ ወደ ሲሶ ወርዶ አገኘዋለሁ፣ ስለዚህ ይህም የራሱ ግማሽ ዕድሜ ያለው ሌላ ነገር ነው አለች። እኔ ያን ቀን አራት ክፍል ተማሪ እየጠበቀኝ ነበር። ደብተሩን አላየሁትም።

«እኔ ይህን ሙከራ ስጀምር አንቺ አልተወለድሽም» አልኳት።

ደብተሯን ዘግታ ወጣች። በሥራዋ ላይ ግን ሁሉንም ጻፈችው። የጧቱን ባዶ ስትቀንስ የቶሮኑ ግማሽ ዕድሜ ከሰባ ሰከንድ በላይ ይመጣል፤ የማታውን ባዶ ስትቀንስ ሃምሳ ስድስት። ከሥሩም የቀረው ነገር ከአሥር ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ እንደሚጋመስ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ።

ሥራዋን ባቀረበችበት ቀን ሦስት መምህራን ሊፈትኗት ተቀመጡ። ሰብሳቢው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ይበልጣል ነበሩ። ሦስቱም በዚህ ዘርፍ የሠሩ አይደሉም፤ የያዙት የእኛን የሙከራ መመሪያ ነው፤ መመሪያው ስለሚቀር ነገር አያወራም። የማታውን ባዶ የመረጠችው መልሱን ከመጽሐፉ ጋር ለማስማማት ነው ብለው ጠረጠሩ። ሌላኛው ሠንጠረዥማ ጭራሽ ከየት መጣ? ዶክተር ይበልጣል ወደ እኔ ዞረው ከሙከራው በኋላ ዕቃው ላይ የሚቀር ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቁኝ። የለም አልኩ። በምን አረጋገጡ አሉኝ።

አላረጋገጥኩም ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። ግን ማስታወሻው አለ፤ የዓመታት ማስታወሻ፣ በእጄ ጽሑፍ የተሞላ።

«ባዶውን መልሼ ቆጥሬዋለሁ» አልኩ።

ሰዓዳ ቆማ እንዳለች ወደ እኔ አየች። «መቼ ነው የቆጠሩት፣ ጋሼ?» አለችኝ። በትሕትና ነው ያለችው። ሰብሳቢው ተማሪ ሠራተኛን አይመረምርም ብለው አስቆሟት። ከሰዓት በኋላ ውሳኔው ተለጠፈ። ቁጥር ፈጥራለች ተብሎ ሥራዋ ውድቅ ሆነ፤ ዓመቱን እንድትደግም ተወሰነ። በነጋታው ወደ ይፋግ ሄደች። ያን ክረምት መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ከረመ። በመስከረም አልተመለሰችም።

እሷ በሄደች በሳምንቱ ያላደረግሁትን አደረግሁ። የእሷን ጠርሙስ ትታው ስለሄደች ጧት ባዶውን ቆጥሬ እስከ ማታ ሠላሳ ጊዜ ጨመቅሁት። ከዚያ ቱቦውን ነቅዬ፣ አየሩን አናፍሼ፣ ባዶውን ቆጠርኩ። የጧቱ እጥፍ ሆኖ ወጣ። ቆጣሪው የተበላሸ መስሎኝ አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው። በነጋታው ጧት ስቆጥረው ከጭማሪው የቀረው ሲሶው ነው። ከአቶ ደምሴ መደርደሪያ ወፍራሙን መጽሐፍ አወረድኩ። ቶሮኑ ሲጠፋ መጨረሻው ባዶ አይደለም፤ እርሳስ ወደሚባለው ብረት ይለወጥና የዕቃው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ያም እርሳስ አሥር ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ሲያልፈው ይጋመሳል። እኔ በደካማ ጨርቅ፣ በቀን ሁለቴ ሦስቴ ስሠራ የሚቀረው ከቁጥር አይገባም ነበር። የእሷ ጠርሙስ ግን ብርቱ ነው፣ ድግግሞሿም ብዙ ነው። ልጅቱ በሚዛን የማይመዘነውን ከመዘነች በኋላ ማንም ያላሳያትን ሁለተኛ ነገር በጆሮዋ ሰምታ፣ ለክታ አምጥታልኝ ነበር።

ለዶክተር ይበልጣል ነገርኳቸው። አስፈራሩኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አላስፈራሩኝም። ወንበር ሰጥተው ረጋ ብለው ሰሙኝ።

«ጋሽ ሙሉቀን፣ ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል። እርስዎም ጡረታዎ ሁለት ዓመት ነው የቀረው» አሉኝ።

አዝነውልኝ ነው ያሉት። እኔም ተነስቼ አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። ያችን አመሰግናለሁ እስከ ዛሬ ልውጣት አልቻልኩም። ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። ባዶውን ሁለት ጊዜ ማስቆጠር ጀመርኩ፤ ተማሪዎቹ ጊዜ ይፈጃል ብለው ከሰሱኝ፤ ተዉ ተባልኩ፤ አልተውኩም። ለሰዓዳ ግን ያ ምን ይጠቅማታል?

ጡረታ በወጣሁ በወሩ የሆነውን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፌ ፈረምኩና በወረታ በኩል ወደ ይፋግ ሄድኩ። ሱቁን ሁሉም ያውቀዋል። የፀሐይ መብራትና ጀሪካን፣ ምስማርና ገመድ ይሸጣል። ሰዓዳ ባንኮኒው ኋላ ቆማለች። ስታየኝ አልደነገጠችም፣ አልሳቀችምም። ሀጂ ኑሩ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ማን እንደሆንኩ ሲጠይቋት ኮሌጅ የነበሩ ናቸው አለቻቸው፤ ሌላ አልጨመረችም። ሽማግሌው ልጄን ያስተማሩ ብለው ከመቀመጫቸው ተነሱልኝ፤ ካልተቀመጡ ብለው ማሉብኝ፤ ሻይ አስመጡልኝ። በእሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጬ ያን ሻይ ጠጣሁ። የሠራውን ሳያውቁ ያከበሩት ሰው የሚጠጣው ሻይ እንዴት እንደሚወርድ የማያውቅ እንኳን አላወቀው።

ወረቀቱን ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፤ ወደ ላይ ተመልሳ እንደገና አነበበችው። ከዚያ ከባንኮኒው እስክሪብቶ አንስታ የቀረው ነገር የሚጋመስበት ሰዓት ላይ ቀጭን መስመር አሰመረችና ከላዩ ጻፈች።

«እኔ ያገኘሁት አሥር ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው። እርስዎ የጻፉት የመጽሐፉን ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ደብተሯን ሳላይ ከመጽሐፉ ገልብጬ በስሟ ጽፌው ነበር። እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠች።

«ትክክል መሆኔን አውቅ ነበር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አባቷ እንዳይሰሙ። «ያላወቅሁት እርስዎ ይወቁ አይወቁ ነው።»

ደንበኛ ገባ፤ ምስማር መዘነችለት። ሲወጣ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝና የሚሰጠው ለኮሌጁ እንጂ ለእሷ እንዳልሆነ ነገረችኝ። የመጨረሻው ሚኒባስ ሳያመልጠኝ ተነሳሁ።

ደብዳቤውን ያረመችው ቁጥር እንዳለ ለኮሌጁ አስገባሁ። ዶክተር ይበልጣል ወደ ሌላ ቦታ አድገው ሄደዋል፤ በቦታቸው ያገኘኋቸው ሴት ጨዋ ናቸው፤ አንብበው አዘኑ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠርተው መፍትሔ እንደተገኘ ነገሩኝ። ሰዓዳ የይቅርታ ማመልከቻ ጽፋ ካስገባች ተመልሳ ሥራዋን እንድታቀርብ ይፈቀድላታል። ይቅርታ የምትጠይቀው ስለምን ነው አልኳቸው። ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ያለው ቅጽ እሱ ብቻ ነው፣ ሥርዓቱን ለማሟላት ያህል ነው አሉኝ።

ደጃፉ ላይ ቆሜ ደወልኩላት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር፤ በእውነት እንደዚያ ነው የመሰለኝ። የነገርኳትን እስከ መጨረሻው ሰማች።

«አልጽፍም፣ ጋሼ» አለች። «ያጠፋሁት የለም። በዚህ ሁሉ መሀል ይቅርታ የሚለውን ቃል እስካሁን ያለኝ ሰው የለም፤ እሱን ደግሞ እኔ እንድል ነው የሚፈልጉት?»

ያን ጊዜ ነው የታወቀኝ። ይፋግ ድረስ ሄጃለሁ፤ ወረቀት ጽፌያለሁ፤ የሆነውን ሁሉ በተራ አስቀምጬ ፈርሜያለሁ። ወረቀቱ ላይም፣ ባንኮኒው ፊትም ቃሉ አልነበረም።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሰዓዳ» አልኳት።

ከወዲያ በኩል የመኪና ጡሩምባ ይሰማል፤ አንድ ሰው ዋጋ ይጠይቃታል። ዋጋውን ነገረችው።

«ሰምቻለሁ» አለች። አድርጌያለሁ አላለችም።